ማንም ያልቀዳው ውሃ

አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁና ልጀምር። ስብሰባ ላይ ተቀምጣችሁ፣ ሁሉም ሰው በጉዳዩ ተስማምቶ፣ አንድም ሰው ሳይቃወም ተለያይታችሁ፣ በማግሥቱ ግን አንድም ሰው የተስማማበትን ሳያደርግ ቀርቶ ያውቃል? ጠብ የለም፣ ክርክር የለም። ሁሉም እንደ ወትሮው ሰላም ይላችኋል። ነገሩ ብቻ ከቆመበት ንቅንቅ አይልም። ደርሶባችሁ ከሆነ የምነግራችሁ ቶሎ ይገባችኋል። ካልደረሰባችሁም ግድ የለም፤ እኔ ማስረዳት እወዳለሁ።

ጊዜው የደርግ ዘመን ነው። ከመምህራን ማሠልጠኛ እንደወጣሁ የተመደብኩት ከሐዋሳ፣ ያን ጊዜ አዋሳ እንላት ከነበረችው ከተማ፣ ወጣ ብሎ ባለ አንድ የገበሬ ማኅበር ውስጥ ነበር። ትምህርት ቤታችን ኮረብታ ላይ ነው። ጠዋት በር ላይ ቆሜ ቁልቁል ሳይ ከተማው፣ ከከተማው ወዲያ ደግሞ ሐይቁ ሲያብረቀርቅ ይታየኛል። ያን ሁሉ ውሃ ከላይ እያየን እኛ የምንጠጣው ከብት የሚገባበት ኩሬ ነበር። ኩሬው ደግሞ ከቁልቁለቱ ሥር ነው። ሴቶቹ ባዶ እንስራ አዝለው ይወርዳሉ፤ ሞልተው፣ ጎንበስ ብለው፣ በሚያዳልጠው ቀይ አፈር ላይ እየተንጠለጠሉ ይወጣሉ።

ያን ጊዜ ምን ዓይነት ሰው እንደነበርኩ ማወቃችሁ ለታሪኩ ይጠቅማል። ወጣት ነበርኩ፤ ሥርዓት የያዘ ነገር ነፍሴ ነው። ተማሪዎቼ በቁመታቸው ይሰለፋሉ፣ ጥቁር ሰሌዳው ከግራ ወደ ቀኝ ይጠረጋል፣ ትምህርቱ ሲያልቅ “የገባው እጁን ያውጣ” እላለሁ። ሁሉም እጁን ያወጣል። እኔም ደስ ብሎኝ ወደሚቀጥለው ምዕራፍ እሄዳለሁ። በፍጥነት የምጽፍ ስለነበርኩ የገበሬ ማኅበሩ ቃለ ጉባኤ ያዥ አደረጉኝ። ከአፌ ከአማርኛ ሌላ ቋንቋ አይወጣም ነበር፤ ሲዳምኛውን ገና ሰላምታና የምግብ ስም ላይ ነበርኩ።

የምኖረው ወይዘሮ ሣራ በምትባል ሴት ግቢ ውስጥ፣ በተከራየኋት አንዲት ክፍል ነው። ሣራ ከእኔ ብዙም አትበልጥም። ባሏ ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ወደ ሰሜን ከሄደ ወራት አልፈዋል። ባለፈው ክረምት ነፍሰ ጡር ሳለች እንስራ እንዳዘለች ኩሬው ዳገት ላይ አዳልጧት ወድቃ ፅንሱን አጥታለች። አሁን ደግሞ ባሏ ሲሄድ የተፀነሰው ሆዷን ገፍቶ ወጥቷል። ውሃ የሚቀዳላት ሰው ግን የላትም። እኔ ልቅዳልሽ ብያት ነበር፤ ወንድ፣ ያውም አስተማሪ፣ እንስራ ይዞ ኩሬ ሲወርድ አገር ምን ይላል ብላ አፏን ይዛ ሳቀችብኝ። ጠዋት ጠዋት ቁልቁለቱን ስትወርድ ሳያት፣ እስክትመለስ ድረስ ማስተማር አልችልም ነበር።

እንግዲህ የእጅ ፓምፕ ሊተከልልን ነው የሚለው ወሬ ሲመጣ ምን እንደተሰማኝ ገምቱ።

ወሬውን ያመጣው ጓድ ተፈራ ነው። ከከተማ የሚመጣ ካድሬ ነበር። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ችኩል ግን ነበር። ሁልጊዜ የሚቀጥለው ስብሰባ የሚያመልጠው ይመስለዋል። ከመሰብሰቢያው ዋንዛ ጥላ ሥር ሕዝቡን ሰበሰበና ነገሩን አስረዳ፦ መቆፈሪያ መኪና ይመጣል፤ ባለሙያዎች ቦታ መርጠዋል፤ ቦታው ከትምህርት ቤቱ አጥር አጠገብ፣ አቶ ላንቃሞ ከሚያርሱት መሬት ጠርዝ ላይ ነው። አቶ ላንቃሞ ከአካባቢው ሽማግሌዎች አንዱ ናቸው። በዚያ ቀን ግን አልነበሩም። በዓመት አንዴ ከእንሰት ቃጫ ገመድ ገምደው ወደ ከተማ ይወርዳሉ፤ አዲስ ከተማ በሚባለው ሰፈር ያለች ልጃቸው ቤት እያደሩ፣ ገመዱን ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ላሉት ዓሣ አጥማጆች ሸጠው እስኪጨርሱ አይመለሱም።

ካድሬው ንግግሩን ሲጨርስ አቶ ሀሜሶ የሚባሉት ትልቁ ሽማግሌ ተነሡ። ቀስ ብለው ተነሥተው፣ ቀስ ብለው አንዲት ነገር ብቻ ተናገሩ።

“ላንቃሞ አልሰማም።”

“ሲመጣ ይሰማል፣ አባት። መሬት የሕዝብ ነው” አለ ጓድ ተፈራ። “የምትስማሙ እጃችሁን አውጡ።”

ሁሉም እጁን አወጣ። አቶ ሀሜሶም ጭምር። እኔ ከረድፍ ወደ ረድፍ እየሄድኩ፣ በጣቴ እየጠቆምኩ ቆጠርኩ። የተቃወመ፣ የለም። ድምፅ ያልሰጠ፣ የለም። እንደዚያ ያለ የጠራ ስብሰባ ይዤ አላውቅም ነበር፤ ጽሑፌን ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት።

መኪናው መጣ። ቁፋሮው ሲጮህ ተማሪዎቼን በክፍል ውስጥ ማቆየት አልቻልኩም። መጀመሪያ ጭቃ፣ ቀጥሎ ድፍርስ፣ በመጨረሻ የጠራ ውሃ ወጣ። ሲሚንቶው ተለሰነ፣ ፓምፑ ተተከለ፣ ሲሚንቶው እስኪደርቅ ተጠበቀ። ጓድ ተፈራ መጥቶ እጀታውን ራሱ መታና በጣሳ ጠጣ። ሕዝቡ አጨበጨበ። መፈክር ተሰማ። ሁሉም ወደየቤቱ ሄደ።

እኔ ግን ቀረሁ። ነገ ጠዋት ግርግር እንዳይኖር ብዬ ኖራ በጥብጬ ከፓምፑ እስከ ትምህርት ቤቱ በር ድረስ ቀጥ ያለ ነጭ መስመር አሰመርኩ። እንስራዎቹ በመስመሩ ላይ በተራ ይደረደራሉ፤ ቀድሞ የመጣ ቀድሞ ይቀዳል፤ አራስና ነፍሰ ጡር ግን ተራ አይጠብቁም። ይህን ሁሉ አስቤ ተኛሁ።

በማግሥቱ ጎህ ሲቀድ መስመሬ አጠገብ ቆምኩ። ሴቶቹ እንስራቸውን አዝለው መጡ። “አስተማሪ፣ ደህና አደርክ?” አሉኝ። ደህና አደርኩ አልኩ። ኖራዬን እንዳይረግጡ እግራቸውን አንሥተው፣ መስመሩን በጥንቃቄ ተሻግረው ወደ ኩሬው ወረዱ።

አንዷ ረስታ ይሆናል አልኩ። ሁለተኛዋ ስትሄድ ልማድ ይሆናል አልኩ። ሁሉም ካለፉ በኋላ ምን እንደምል ጠፋኝ። በመጨረሻ ሣራ መጣች፤ አንድ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ በጎን በጎን እየሄደች። እሷም ሰላም ብላኝ ወረደች።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ በራሴ ባልዲ ከፓምፑ ቀድቼ ቤቷ ድረስ ወሰድኩላት። አመሰገነችኝ። “ክፍልህ አስገባው” አለችኝ።

“ለአንቺ እኮ ነው ያመጣሁት።”

“አንተ ጠጣው። ለአንተ ምንም አይደለም።”

“ለአንቺስ ምንድነው? ውሃው መርዝ ነው እንዴ?”

“ውሃው ምን አደረገ?” አለች፤ ውሃውን የሰደብኩባት ይመስል። ቆይታ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ተናገረች። “ሌላው ሰው ሳይቀዳ እኔ ከቀዳሁ፣ ባሌ ሲመጣ ጎረቤት የለውም። ውሃ ይኖረዋል፤ ጎረቤት አይኖረውም።”

ከዚያ በላይ ምንም አልነገረችኝም። ባልዲዬን ይዤ ወደ ማኅበሩ ሊቀመንበር ወደ አቶ ዱካሞ ሄድኩ። አቶ ዱካሞ ከማንም ጋር መጋጨት የማይወዱ ሰው ናቸው፤ ሁለት ሰዎች ፊታቸው ቢካካዱ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ ብለው የሚሸኙ ዓይነት። ውሃውን አሞገሱልኝ።

“ጥሩ ውሃ ነው። በጣም ጥሩ ውሃ ነው።”

“ታዲያ ለምን አይቀዳም?”

“ይቀዳል።”

“መቼ?”

“ሲያልቅ።”

“ምኑ?”

“ነገሩ” አሉና ሻይ አስቀረቡልኝ።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከዚያ ቤት ስወጣ መሬቱን በእግሬ እየመታሁ ነው የወጣሁት። ሰው ውሃ ተጠምቶ ውሃ አጠገብ ይቆማል? ማንም አልከለከላቸው። ዘብ የለ፣ ቁልፍ የለ፣ ክፍያ የለ። በየቀኑ ሲሚንቶው ደርቆ ያድራል፣ ደርቆ ይውላል። ፓምፑን የሚነካው ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ። ተማሪዎቼን እንኳ እጃችሁን ታጠቡ ብላቸው ተያይተው ቆሙ።

በዚሁ መሐል ፓምፑን የተከለው መካኒክ ብሎኖቹን ሊያጠብቅ ከከተማ መጣ። ደረቁን ሲሚንቶ አየ፤ ኖራዬን አየ፤ እኔን አየ። “ተበላሽቷል እንዴ?” አለ። እጀታውን ሲመታው ውሃው ቀጥ ብሎ ወረደ። መፍቻውን ሰብስቦ ያየውን ሊናገር ወደ ከተማ ተመለሰ። በማግሥቱ ጓድ ተፈራ ደረሰ። ነገሩ ዞሮ እሱ ላይ እንደሚመጣ ገብቶታል፤ ድምፁ ውስጥ ቁጣም ፍርሃትም ነበር። ይኼ ለልማት ያለ ጥላቻ ነው፣ ከኋላው ሰው ይኖራል፣ እያለ አቶ ዱካሞን አስፈራራ። በመጨረሻ ቁርጡን ነገረን። ሌላ የገበሬ ማኅበር ፓምፕ ስጡኝ እያለ ይለምናል፤ እስከ ቅዳሜ ሰው መቅዳት ካልጀመረ መኪናው ይመጣል፣ ፓምፑ ይነቀላል፣ ጉድጓዱ ይከደናል።

ሕዝቡ ራሱን ነቀነቀ። እሺ አለ። በማግሥቱም ኩሬ ወረደ።

ያን ዕለት በጠራራ ፀሐይ፣ የክፍሌን በር ክፍት ትቼ፣ ወደ አቶ ሀሜሶ እርሻ ሄድኩ። እሳቸው ቆመው እንሰት የሚፍቁትን ሴቶች ያነጋግሩ ነበር። ሰላምታው ካለቀ በኋላ ያለኝን አማርኛ ሁሉ አፈሰስኩባቸው። ሣራን አነሣሁ፣ ቅዳሜን አነሣሁ። ጨርሼ እስክተነፍስ ጠበቁኝና ዛፍ ሥር አስቀመጡኝ።

ያስረዱኝን እኔም ላስረዳችሁ። በሲዳማ ሽማግሌዎች አንድ ጉዳይ ይዘው ሲቀመጡ መጀመሪያ “አፊኒ” ይባላል፤ “ሰማችሁ ወይ?” እንደ ማለት ነው። ነገሩ ከሥሩ ይነገራል። ጉዳዩ የሚነካው ሰው ከሌለ ተልኮበት ይሰማል። እሱ ሳይሰማ የተነገረ ነገር ሁሉ ወሬ ነው፤ ውሳኔ አይባልም። ባልተወሰነ ነገር ላይ ደግሞ ሰው እጁን አይሰድም። ላንቃሞ ይቃወማል ብለው አልነበረም የፈሩት። ይቃወም አይቃወም የሚያውቅ አንድም ሰው አልነበረም።

“ታዲያ ለምን እጅዎን አወጡ?” አልኳቸው።

“ሰውየው ቸኩሏል። ከተማ ደግሞ ሩቅ ነው። ሳይመሽበት ይሂድ ብለን ነው።”

አልሳቁም። እኔም ሳቅ አልመጣልኝ። እሺ፣ እንግዲያው አንድ ሰው ልከው ይንገሯቸው አልኩ። ይኼም አልሆነም። መልእክቱን የሚወስደው በዚያ ቀን ዋንዛው ሥር የነበረ፣ ነገሩን ከሥሩ ያየ ሰው መሆን አለበት። ግን እዚያ የነበረው ሁሉ እጁን አውጥቷል። አንተ ሳትሰማ እጄን አወጣሁብህ ብሎ ላንቃሞ ፊት የሚቆም ማን ነው? እኔንም እፍረት ይይዘኛል አሉ አቶ ሀሜሶ። ስለዚህ ላንቃሞ ገመዳቸውን ሸጠው እስኪመጡ መጠበቅ ነው።

“ቅዳሜ ይነቀላል እኮ!”

“ሰምተናል” አሉ።

ተነሥቼ ልሄድ ስል በከዘራቸው ጫፍ ጉልበቴን ነካ አደረጉኝ። “አንተ እጅህን አላወጣህም” አሉኝ።

ትዝ አለኝ። እውነታቸውን ነው። ሁሉም እጁን ሲያወጣ እኔ እቆጥር ነበር።

ዓርብ ተማሪዎቼን ለባልደረባዬ አስረክቤ ወደ ከተማ ወረድኩ። ከኮረብታው በእግር፣ ከአስፋልቱ በጋሪ። አሞራ ገደል ስደርስ ጀልባዎቹ ገብተው፣ ዓሣው እየተበለተ፣ እነዚያ ራሰ በራ ትልልቅ አሞሮች እንደ ቀበሌ ዘብ ሰው መሐል ቆመው ድርሻቸውን ይጠብቁ ነበር። አቶ ላንቃሞን ያገኘኋቸው ከዛፍ ጥላ ሥር፣ የገመድ ጥቅላቸው ላይ ተቀምጠው ነው። ቀጭን፣ ረዥም ሽማግሌ ናቸው። አንድ አጥማጅ ገመዱን በጉልበቱ እየሳበ ይፈትንባቸው ነበር።

እኔ ያሰብኩት አጭር ነገር ነበር። ውሃ ወጥቷል፣ እርስዎን እየጠበቁ ነው፣ አሁኑኑ በጋሪ እንሂድ፣ ይስማሙ፣ አለቀ። እንደዚያው አልኳቸው። እጃቸው ገመዱ ላይ ቆመ።

“ያለቀ ነገር ከሆነ ለምን መጣህ?” አሉ። “ያላለቀ ከሆነ ለምን ተቆፈረ?”

ጥቅሉ አጠገብ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ።

“ከመጀመሪያው ንገረኝ” አሉ።

ነገርኳቸው፤ አልበቃቸውም። ማን ቀድሞ ተናገረ? ሀሜሶ ምን አለ? ቆሞ ነው ተቀምጦ? ካድሬው ምን መለሰ? ሰው ሳቀ? ፀሐይዋ ወደ ሐይቁ እያዘቀዘቀች፣ ገዢዎች እየመጡ እየሄዱ፣ እኔ ያን ስብሰባ ከራሴ ቃለ ጉባኤ በላይ አብራርቼ ተናገርኩ። ያኔ ያልጻፍኩት ሁሉ ሲጠይቁኝ ትዝ ይለኝ ጀመር። ለምን እንደመጣሁ ሲጠይቁኝ ስለ ሣራ ነገርኳቸው። አምና ዳገቱ ላይ መውደቋን፣ አሁን እንደገና ነፍሰ ጡር መሆኗን፣ ጠዋት ጠዋት በጎን በጎን እየሄደች መውረዷን። እዚህ ላይ ብቻ ቀና ብለው አዩኝ። “ብቻዋን ነው የምትወርደው?” አሉ። ብቻዋን ነው አልኩ።

ዝም ብለው ብዙ ቆዩ። እኔም እሺ የምትለዋን ቃል ጠበቅኩ።

“ሰማሁ” አሉ። ገመዳቸውን ማጠንጠን ቀጠሉ።

“ይመጣሉ ማለት ነው?”

“ሰማሁ አልኩህ እኮ።”

በጋሪው ስመለስ ባለ ጋሪውን እንኳ ሰላም ማለት አቃተኝ። አንድ ሙሉ ቀን፣ ለአንዲት “ሰማሁ”።

ቅዳሜ ጠዋት መኪናው መጣ። ጓድ ተፈራ ከፊት ወንበር ወረደ፤ መካኒኩ የመፍቻ ሣጥኑን አውርዶ ሥራ ጀመረ። ሕዝቡ ራቅ ብሎ ቆሟል። ሣራ እንስራዋን አዝላ በራፏ ላይ ቆማ ታያለች፤ ያን ጠዋት ገና አልወረደችም። የመጀመሪያው ብሎን ወልቆ ሲሚንቶው ላይ ሲወድቅ ድምፁ ጥርሴን አሳከከው።

ያኔ ነው አቶ ላንቃሞ ከኮረብታው ሥር ብቅ ያሉት። ያልተሸጠውን ገመድ በትከሻቸው አንግበዋል። ወደ ፓምፑ ዞር ብለው አላዩም። ካድሬውን ከሩቅ እጅ ነሥተው፣ ቀጥ ብለው ዋንዛው ሥር ሄደው ተቀመጡ። ሀሜሶ መጡ። ዱካሞ መጡ። ሌሎቹም አንድ በአንድ መጥተው ተቀመጡ። አቶ ሀሜሶም፣ አምላኬ፣ ነገሩን ከመጀመሪያው መናገር ጀመሩ።

ወደ ጓድ ተፈራ ሮጥኩ። ትንሽ ይጠብቁ፣ እየጨረሱት ነው አልኩ።

“እኔና አንተ ጨርሰነው ነበር እኮ” አለኝ። በንዴት ሳይሆን በድካም ነው የተናገረው። “አንተው ቆጥረሃል።”

ወደ ዋንዛው ሮጥኩ። እባካችሁ ቶሎ በሉ፣ እየነቀለው ነው አልኩ። አቶ ሀሜሶ በእጃቸው ተቀመጥ አሉኝና ካቋረጥኳቸው ቦታ ቀጠሉ። ገና የካድሬው ንግግር ላይ ነበሩ። እንደገና ወደ ፓምፑ ሮጥኩ። መካኒኩ ገብቶታል፤ ሲጋራ አወጣ፣ ክብሪት ፈለገ፣ መፍቻ ጠፋኝ አለ፣ አንዱን ብሎን ሁለት ጊዜ አጥብቆ ሁለት ጊዜ ፈታ። እግዚአብሔር ይስጠው፣ የሚችለውን አደረገ። ሾፌሩ ግን ጥሩንባውን ነፋ። እጀታው ወለቀ፣ የፓምፑ አናት ወለቀ፣ የጉድጓዱ አፍ በብረት ክዳን ታሰረ። መኪናው አቧራውን አስነሥቶ ሲወርድ አቶ ሀሜሶ ገና የእኔ መቁጠር ላይ ደርሰው ነበር።

ክዳኑ ላይ ተቀመጥኩ። ማልቀስ ፈልጌ ነበር፤ ተማሪዎቼ ስለሚያዩኝ አላለቀስኩም።

ዋንዛው ሥር ነገሩ አለቀ። ዘግይቶ፣ ፀሐይዋ አናት ላይ ስትወጣ፣ ግን አለቀ። አቶ ላንቃሞ ቦታውን ሰጡ። አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፦ ወደ ውሃው የሚወስደው መንገድ በእንሰታቸው መሐል ሳይሆን በትምህርት ቤቱ አጥር በኩል ይዙር። ይኼንን ቀድሞ የጠየቃቸው ቢኖር አንዲት ደቂቃ የሚፈጅ ነገር ነበር። ሽማግሌዎቹ መረቁ። ከዚያ አቶ ላንቃሞ ሌላ ነገር ነግሬያችሁ ልነሣ አሉ። የወታደሩ ሚስት ብቻዋን ዳገት እንደምትወርድ ሰምቻለሁ፤ አሞራ ገደል ድረስ መጥቶ የነገረኝ አስተማሪው ነው፤ እናንተ አልሰማችሁም? አሉ። እንግዲያው ከዛሬ ጀምሮ እስክትወልድና እስክትጠነክር ድረስ ውሃዋ በየቤቱ ተራ ይቀዳል፤ የመጀመሪያው ተራ የእኔ ቤት ነው አሉ። ለዚህ እጅ አልወጣም። ማንም አልቆጠረም።

የአቶ ላንቃሞ ባለቤት ወደ ሣራ በር ሄዱ። እንስራዋን ከጀርባዋ ፈትተው በራሳቸው ጀርባ አዘሉና ወደ ኩሬው ወረዱ። ሣራ ባዶ ጀርባዋን ይዛ በሩ ላይ ቆመች፤ እጆቿን ምን እንደምታደርጋቸው የጠፋት ትመስል ነበር።

የቀሩት ሴቶች ግን ወደ እኔ መጡ። እንስራቸውን እያወረዱ፣ ቀጥ ባለው የኖራ መስመሬ ላይ፣ አንዱን ከአንዱ አጠገብ ደረደሩት። እኔ ክዳኑ ላይ ተቀምጫለሁ።

“ፓምፑ እኮ ሄደ” አልኩ። “የምትቀዱት የለም።”

አቶ ላንቃሞ አጠገቤ መጥተው መስመሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ አዩት።

“ይመለሳል” አሉ። “አሁን የሚመለስበት ቦታ አለው።”

ተመለሰ። ግን ክረምቱ በሙሉ አልፎ፣ እኔና እሳቸው ከቢሮ ቢሮ ጫማችንን ጨርሰን ነው የተመለሰው። በሰልፉ ላይ መጀመሪያ የቀዳችው ሣራ ነበረች፤ ሴት ልጇን በእንስራው ቦታ አዝላ፣ በትንሽ ማሰሮ።

እንግዲህ፣ አንባቢዎቼ፣ ከዚህ ታሪክ እነዚያ ሽማግሌዎች ልክ ነበሩ የሚል ትምህርት አወጣለሁ ብላችሁ እንዳትጠብቁ። ዛሬም ሳስበው ያናድደኛል። ያንን ክረምት ብዙ ሴቶች በዚያ ጭቃ ላይ ወጥተው ወርደዋል፤ በሰው ላይ በቸኮለ አንድ ሰውና ቸኩሎ በማያውቅ፣ ዛፍ ሥር በሚቀመጥ ሰው ምክንያት። ጓድ ተፈራም ያናድደኛል፤ አቶ ሀሜሶም ያናድዱኛል። ግን ደግሞ በተነሡ እጆች የተገኘው ውሃ ሲሚንቶ ላይ ደርቆ ሲቀር፣ ማንም እጁን ያላወጣበት ነገር ሣራን ከዳገቱ እንዳዳናት በዓይኔ አይቻለሁ። ሁለቱንም አይቻለሁና አንዱን ልደብቃችሁ አልችልም።

የተለወጠው ክፍሌ ነው። ሰኞ ጠዋት ክፍልፋይ አስተምሬ እንደ ልማዴ “የገባው እጁን ያውጣ” አልኩ። ሁሉም አወጣ። እነዚያን እጆች ሳይ ዋንዛው ሥር የቆጠርኳቸው እጆች መጡብኝ። አስወረድኳቸውና “ያልሰማ ማን አለ?” አልኩ። ዝም አሉ። እኔም ዝም ብዬ ጠበቅኩ። ጠመኔዬን አስቀምጬ፣ እንደ አቶ ላንቃሞ ጠበቅኩ። ከኋላ ወንበር አንዲት ልጅ፣ ስሟን ከመጥራት በቀር ድምፅዋን ሰምቼ የማላውቃት፣ “ከመጀመሪያው ንገረን” አለች። ከዚያ ቀን ወዲህ እጅ አላስወጣሁም።

እናንተም ሞክሩት። ዕድር ላይ ይሁን፣ መሥሪያ ቤት ይሁን፣ ቤታችሁ ማዕድ ዙሪያ ይሁን፣ ሁሉም ተስማማ ብላችሁ ልትነሡ ስትሉ አንዴ ተመልሳችሁ ተቀመጡና ይህ ነገር የሚነካው፣ ግን ያልሰማ ማን አለ ብላችሁ ጠይቁ። ከዚያ ዝም በሉ። ዝምታው ይከብዳችኋል፤ እኔም ከብዶኛል። መኪናው ከመምጣቱ በፊት ግን ሞክሩት።